ገብስ የታጠነ ድመት

ለጋሽ ኪዳኑ እንስሳ ማለት ፈረስ ነው፤ ሌላው ፈረስ ሳይሆን የቀረ ነው። ዶሮ ስትሮጥ ካዩ "ሶምሶማዋን እዩልኝ!" ይላሉ። እንጅባራ ከተማ ዳር፣ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል የተከራየሁ ቀን ከጫማዬ እስከ ትከሻዬ ሲያዩኝ ቆዩና "አቋምህ ደህና ነው፤ ገብስ ነው የጎደለህ" አሉኝ። ተደንቄ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልሁ።

ድመታቸውም ስሙ ዳማ ነው፤ ጠጉሩ እንደ ዳማ ፈረስ ስለሚቀላ። ሲያሞግሱት በአገውኛ፣ ሲቆጡት በአማርኛ ነው። ዳማ ሁለቱንም እኩል አይሰማም።

የዚህ ድመት አፍንጫ ይፈሳል። ገብስ ከተወቃ ጀምሮ የቀኙ ቀዳዳ ደርቆ አያውቅም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የግቢው ጤዛ ሁሉ ይተናል፤ በዳማ አፍንጫ ላይ ያለችው ጠብታ ግን ብርሃን ሰብስባ እዚያው ትቀራለች። አንድ ጠዋት "እንዴት ታምራለች!" ብዬ ጮኽሁ።

"ካማረችህ በመሐረብህ ጥረግለት" አሉኝ እትዬ ወርቅአየሁ፣ የጋሽ ኪዳኑ ባለቤት።

እትዬ ወርቅአየሁ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ምግብ ቤት አላቸው። ጊዜው የገና ጾም ነበርና የሚሸጡት ሽሮና የድንች ወጥ ነው። አንድ ቀን የባጃጅ ሹፌሩ ምስጋናው ቆርሶ ሊጎርስ ሲል፣ ዳማ ከጎኑ አግዳሚው ላይ ሆኖ አነጠሰ። ያችን ከምታህል ደረት ያን የመሰለ ንጥሻ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

ምስጋናው ሽሮውን አየ፤ ድመቱን አየ። "እትዬ፣ ጨው አንሶት ነበር፤ አሁን ደህና ሆነ" ብሎ ተነሣ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እትዬ ወርቅአየሁ ብቻ አልሳቁም። በጓሮ በር ብቅ ብለው ባላቸውን ጠሩ።

"ስማ ኪዳኔ! ገና ሲደርስ ጾም ይፈታል፤ ሥጋ የሚበላ ሰው ይመጣል። እስከዚያ ወይ የድመትህ አፍንጫ ይደርቃል፣ ወይ ድመትህ ግምጃ ቤት ከተማ እኅቴ ዘንድ ይሄዳል። አበቃ!"

"ግምጃ ቤት? ከነሕመሙ?"

"በጋሪ እልከዋለሁ። ፈረስ ይወድ የለ!"

ጋሽ ኪዳኑ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ ወዲህ፣ ማታ እግራቸው ሥር የሚጠቀለልላቸው ዳማ ብቻ ነው። ቀን ቀን በፈረሳቸው ግርግም ውስጥ ገለባ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ እሳቸው ይመጣል። እሱን ለግምጃ ቤት መስጠት አልሆነላቸውም። ስለዚህ የሚያውቁትን ሕክምና ጀመሩ።

ፈረስ ጉንፋን ሲይዘው ገብስ ይቀቅላሉ፤ ትኩሱን ከረጢት ውስጥ አድርገው አፍንጫው ላይ ያጠልቁለታል፤ ፈረሱ በእንፋሎቱ ይታጠናል። ለዳማ ፊት የሚሆን ከረጢት ስላልተገኘ የእኔን ካልሲ ለመኑኝ። ታጥቦ የደረቀውን አመጣሁላቸው።

"ያልታጠበ የለህም?" አሉ እያገላበጡ። "እሱ ነበር አፍንጫ የሚከፍተው።"

ካልሲው ሲጠልቅለት ዳማ ለአፍታ እንደ ድንጋይ ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ኋላ መሮጥ። ወደ ኋላ የሚጋልብ ፍጡር አይቼ አላውቅም! ግቢውን በጀርባው አቋርጦ፣ የድንቹን ቅርጫት ገልብጦ፣ ሰው ወደ ሞላበት ምግብ ቤት ገባ። አንዲት ሴት "በስመ አብ!" ብላ አግዳሚው ላይ ወጣች። ጋሽ ኪዳኑ ከኋላ እየሮጡ "አትያዙት! ልጓሙን ልቀቁለት፣ ራሱ ይበርዳል!" ይላሉ።

አፍንጫው ከዚያ በኋላ ባሰበት። ገና ደግሞ ተቃረበ።

በመጨረሻ ዳማን በጋቢያቸው አቅፈው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወጡ፤ እኔም ተከተልሁ። በሩ ላይ በሬና በግ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። ከፊታችን አንድ ትልቅ በሬ የያዘ እንየው የሚባል ገበሬ ነበር።

"አባባ፣ ምን ታሞብዎት ነው?"

ጋሽ ኪዳኑ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ጉድ! ስንት ጥማድ ያርሳል?"

"አያርስም። ያስባል።"

"እንግዲያው ይቅደም" አለ እንየው በሬውን ወደ ኋላ እየሳበ። "ሐሳብ የበዛበት ይመስላል።"

ሐኪሟ ሃና ወጣት ናት። ዳማን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "እስካሁን ምን አደረጉለት?" አለች።

"ገብስ አጠንሁት።"

"ድመት?"

"ጉንፋን የማን አፍንጫ እንደሆነ መች ይጠይቃል?"

ሃና ሳቋን በማስኳ ውስጥ ዋጠችው። "አባቴ፣ ጉንፋን ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ቀዳዳ ይፈስ ነበር። የሱ አንዱ ብቻ ነው። የት ነው የሚተኛው?"

"ግርግም ውስጥ፤ የገብስ ገለባ ላይ።"

ሐኪሟ የስልኳን መብራት አበራች፤ ወረንጦም አነሣች። ጋሽ ኪዳኑ ዳማን እንደ ሕፃን ጠቅልለው ያዙ፤ ፈረስ ሲጫን እንደሚያደርጉት በጆሮው በአገውኛ ያሞግሱት ጀመር። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ጠጉሬን አቆመው። ዳማ አውራ ጣታቸውን ነከሰ። ሙገሳው አልተቋረጠም፤ ድምፃቸው ብቻ ቀጠነ።

ወረንጦው ሲወጣ ጫፉ ላይ አንድ የገብስ ጢም ነበር፤ ያ ዘለላው ላይ የሚቆም ሹል ክር። ይህን ከመሰለች ክር ያ ሁሉ ውሃ! እንየው በበሩ አንገቱን አስግጎ "ይኸው ነው? እኔ ነዶ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ!" አለ።

ጋሽ ኪዳኑ ክሯን አተኩረው አዩ። "ገብስ አሞት በገብስ አጠንሁት" አሉ ቀስ ብለው። ዳማም ወዲያው ፊታቸው ላይ አነጠሰባቸው።

ለገና ዋዜማ እትዬ ወርቅአየሁ ድመቱን አገጩን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ አፍንጫውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አዩ።

"ይቆይ" አሉ።

በማግስቱ በግ ታረደ። ምግብ ቤቱ ሞላ። ዳማ በወጥ ቤቱ በር ሲያልፍ ድንገት ቆመ። አንገቱን ቀና አደረገ፤ አፍንጫው ተርገበገበ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ስንት ሳምንት ዓለም ሳይሸተው ኖሮ አሁን በአንዴ ሸተተው! እኔ በደስታ ዕንባዬ ሊመጣ ሲል እሱ ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ራሱን የሚያህል ጎድን ነክሶ ወረደ፤ በእግሮቹ መካከል እየጎተተ ግቢውን አቋረጠ።

"ኪዳኔ! ድመትህ!" እትዬ ወርቅአየሁ ጭልፋቸውን ሰቅለው ወጡ።

ጋሽ ኪዳኑ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። "አፍንጫው ደርቋል ወይስ አልደረቀም?"

ጭልፋው አየር ላይ ቆየ። እትዬ ወርቅአየሁ ቃላቸውን የሚበሉ ሴት አይደሉም።

"ደርቋል" አሉ በጥርሳቸው መካከል። "ከዛሬ ጀምሮ ግን ሥጋ ባለ ቀን ዘበኛው አንተ ነህ።"

አሁን በሥጋ ቀን ጋሽ ኪዳኑ ዳማን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቀመጣሉ።

"ተረኛ ነዎት ጋሼ?" ይላቸዋል ምስጋናው ሲገባ።

"ተረኛ ነኝ። ግባ፤ ቶሎ በል፤ እጄ እየዛለ ነው" ይላሉ።