ቦዩ ላይ ያለው ሳንቃ

ባለፈው ሳምንት ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ አንዲት ልጅ ቲሸርት ልታሳትም ሱቄ መጣች። ከባጃጅ ወርዳ፣ ከሱቄ በር ፊት ያለው ቦይ ላይ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ ስታራግፍ፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ምስል አየችው። ግንባሩን የቋጠረ ጢማም ሽማግሌ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን አንድ ያትሙልኛል?» አለችኝ እዚያው እንደቆመች።

«አይታተምም! እንጨቱ ተሰርዟል።» አልኳት በቁጣ። የተናደድኩት ግን በእሷ አልነበረም። ምስሉ አባቴ ነው።

አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ጋምቤላ መሃል ከተማ ጨርቅ የሚነግድ ሐጂ ነበር። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቼ የሕትመት ጥበብ መማሬን ከስካር ለይቶ አያየውም። «በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ‹ለሠራኸው ፊት ሩህ ንፋበት፣ ነፍስ ስጠው› ስትባል ምን ልትል ነው?» ይለኛል ምሳ ላይ። በምሳ ከበላነው የባሮ ወንዝ ዓሣ ሁሉ እሾኹ ብቻ ነው የሚታወሰኝ። እኔም ግትር ነበርኩ፤ ከማን ወረስኩትና! ቢሆንም አንድ ጊዜ ሥራዬን አይቶ ዱዓ አድርጎ ቢመርቀኝ ሌላ አልፈልግም ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ክረምት የመመረቂያ ሥራዬን ቤት ልሠራ መጣሁ። ከሱቁ መደርደሪያ የተረፈ የዋንዛ ሳንቃ ጓሮ ወስጄ፣ እሱ ሳያውቅ ፊቱን በመሮ ቀረጽኩበት። የሕትመት ማሽን ስለሌለኝ ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀት አልብሼ፣ የወረቀቱን ጀርባ በማንኪያ እያሸሁ አተምኩ። የጋምቤላ ክረምት የዚህ ሥራ ጠላት ነው፤ ወረቀቱ ይረጥባል፣ ቀለሙ አልደርቅም ይላል፣ ላቡ ከአፍንጫ ጫፍ ጠብ ይላል። የታተሙትን ከጓሮው በር አጠገብ፣ ቆርቆሮው ሥር ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ኦኬሎ አይቷቸው ሱቅ ሮጠ። «ሐጂ፣ ልጅህ አንተን ሠራ። በጣም አንተ ነህ! ሂድ፣ እይ» አለው። ማን ያምናል፣ አባቴ ሱቁን ለኦኬሎ ትቶ መጣ።

ሙያው ግን ደንብ አለው። የሚፈለገው ያህል ታትሞ ሲያልቅ ማንም እንዳይደግመው እንጨቱ በመሮ ይሰረዛል። መምህራችን ደግሞ ካልተሰረዘ አይቀበልም። አባቴ የጓሮውን በር አልፎ ሲገባ፣ እኔ ሳንቃውን በጉልበቴ ተጭኜ ፊቱን ከግንባር እስከ ጢም እየሰነጠቅሁት ነበር።

«ፊቴን?» አለ።

«አባዬ፣ ደንቡ ነው። ታትሞ ሲያልቅ ይሰረዛል። ዞር በልና ገመዱ ላይ ያለውን እየው!»

«አልቀሃል በለኛ!»

ምስሎቹ ከጀርባው ነበሩ፤ አንገቱን ቢያዞር ይበቃ ነበር። አላዞረም፤ መሬት መሬቱን እያየ በገባበት ወጣ።

በማግስቱ ሳንቃውን ራሱ ተሸክሞ ሱቁ ፊት ያለው ቦይ ላይ፣ የተቀረጸውን ፊት ወደ ታች አድርጎ ደፋው። ወጥቶበት ረገጥ ረገጥ አደረገና «አሁን ለሰው ጠቀመ» አለ። ጠላሁት። ያለ ዱዓ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ተመርቄ መጥቼ ከሱቁ ጥግ ቲሸርት ማተም ስጀምር እንኳ፣ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ሥራ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

«እንጨቱ ጠፋ እንዴ?» አለች ቲሸርት ልታሳትም የመጣችው ልጅ።

«ቆመሽበታል።»

ዘላ ወረደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫፉን ያዘችና «እስኪ እናንሳውና እንየው» አለችኝ።

«ተይው!» ብዬ ጮኽኩባት። ደንግጣ የቲሸርቱን ነገር ሳትጨርስ ሄደች።

ሰው ሁሉ «ሟች ነው፣ አውፍ በለው፣ ይቅር በለው» ይለኛል። እላለሁ፣ ከአንጀቴ ግን አይደለም። ሳንቃው ላይ በቀን ስንቴ እንደምመላለስ አላህ ይወቀው። እሱ ዞሮ አላየልኝም፤ እኔም ገልብጬ አላይለትም።