በክብሪት ቀፎ ላይ የተጠመጠመው ክር

ባቡሩ ገና በአቃቂ በኩል ወደ ድሬዳዋ በሚመላለስበት ዘመን ነው፤ የፋሲካ ማግስት። ዘመኑ ርቋል፣ እኔም የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ግን ዛሬም ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ሲጎረጉር ካየሁ ተነሥቼ እወጣለሁ። ምክንያቱን ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለኝም።

ያኔ ከሐዲዱ ማዶ ባለ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። መስፍን የሚባል የባቡር ሠራተኛ ልጅ ወድጄ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ በስንት ልመና እሺ ብሎ፣ ሠርጋችን ለግንቦት ተቆርጧል። አባቴ ደግሞ ቁጡ ነው፤ ሴት ልጁ በወግ በማዕረግ ካልተዳረች ሞቱ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን የመስፍን አባት ጋሽ በዛብህ ከልጃቸው ጋር እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ሲመጡ፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ ጋብቻው እንዳይፈርስብኝ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።

ጋሽ በዛብህ ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጡ፣ ሳቂታና ጨዋ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቁርጥ ቀረበ። ጾሙን ሙሉ ሥጋ ያላየ ጥርስ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ገና ከመጀመራቸው ጅማት መንጋጋቸው መሃል ገባ።

እማዬ ስንጥር ሰጠቻቸው፤ ተሰበረ።

"ክር ቢጤ አይጠፋም?" አሉ።

"ክር ጠፍቶ! ልጄ ክር ፋብሪካ አይደል እንዴ የምትሠራው!" ብላ እማዬ በኩራት ወደ እኔ ዞረች።

የስፌት መኪናዋን ክር አመጣሁላቸው። ቀጭን ነውና ተበጠሰ፤ ቁራጩ እዚያው ቀረ። ከፋብሪካ ያመጣሁትን ድውር፣ ገና ያልተገመደ የጥጥ ፈትል፣ ሰጠኋቸው። እሱም እየተበተነ ጥጡ ጥርሳቸው ላይ ቀረ። አባቴ ደግሞ ከመሣሪያ ሳጥኑ የናይለን ክር ፈልጎ አመጣ፤ ድዳቸውን ቆረጣቸው። አሁን አፋቸው ውስጥ ሥጋ አለ፣ ክር አለ፣ ጥጥ አለ፣ ደም አለ። ሁላችንም ከበን አፋቸውን እናያለን። ኤጭ!

"ተዪው ልጄ፣ አትልፊ" አሉኝ። "ለጥርስ እንደ ጆንያ ክር የሚሆን የለም። የራሴ አለኝ።"

ከኮታቸው ኪስ የክብሪት ቀፎ አወጡ። ቀፎው ላይ ክር ተጠምጥሞበታል፤ በባቡር የሚጫን የእህል ጆንያ አፉ የሚሰፋበት ወፍራም ክር። መቼም ሲሠራ ነጭ የነበረ ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን ቡናማ ነው፤ እዚህም እዚያም አንድ ነገር ደርቆበታል። ምን እንደሆነ ልገምት አልፈለግሁም።

ክሩን ፈቱት፣ በሁለት እጃቸው ወጠሩት፣ ፈተጉ። ጅማቱ ተፈናጥሮ የአዋዜው ሳህን አጠገብ አረፈ። "ተመስገን!" አሉ። ክሩን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው መልሰው ጠመጠሙት። ይታጠባሉ ብዬ የእጅ ውሃ ላነሳ ስል፣ በዚያው ጣታቸው አንድ ሙዳ ሥጋ ቆርጠው፣ አዋዜ ነክረው ወደ እኔ ዘረጉ።

"ነይ ልጄ፣ በሞቴ!"

በሞቴ ተብሎ፣ ያውም በአማት እጅ፣ እምቢ ይባላል? አባቴ አፈጠጠብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩና ሳላላምጥ ዋጥኩት። ተገላገልኩ ስል "አንድ ያጣላል!" ብለው ደገሙኝ። ሁለተኛው ባለ ጅማት ነበር። ባኝከው ባኝከው አልላላ አለ። ግማሹ ወረደ፣ ግማሹ መንጋጋዬ መሃል ተሰነቀረ።

በምላሴ ስታገል አዩኝ። "ገባብሽ አይደል? አይዞሽ" አሉና ያንን የክብሪት ቀፎ ዘረጉልኝ። ወይ ጉዴ!

ያድነኛል ብዬ መስፍንን አየሁት። እሱ እቴ!

"ውሰጂ እንጂ፣ ምን ታፍሪያለሽ? እኛ ቤት ሁላችንም በዚሁ ነው" አለኝ።

ሁላችንም በዚሁ! ለካ ያ እኔ የምሞትለት ፈገግታ በዚያ ክር ነው የሚጸዳው። አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩና የበላሁትን ሁሉ አጥሩ ሥር አወጣሁት።

ቀና ስል እማዬ አጠገቤ ቆማለች። ውሃ እንኳ አልሰጠችኝም። የምታየው ሆዴን ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"አንቺ ልጅ፣ አዋረድሽን!"

ሠርጓ ሳይደርስ የሚያስመልሳት ሙሽራ በእኛ ሰፈር ምን እንደምትባል መቼም አይጠፋችሁም። አባቴ የጓሮው በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ መስፍንና አባቱም ተከትለውት ወጥተዋል። ዞሮ መስፍንን አንገቱን ሊያንቀው ምንም አልቀረው።

"እኔ አልነካኋትም! በማርያም አልነካኋትም!" አለ መስፍን። ካለ በኋላ ግን አንድ ነገር ታሰበው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ ሌላ ዓይነት አየኝ። ታዲያ ማን ነው የነካት እያለ ነው።

ዝም ካልኩ አለቀልኝ። እውነቱን ከተናገርኩ ሽማግሌ ሰው በልጃቸው ፊት ማዋረዴ ነው። ለቅሶዬ መጣ፣ ከለቅሶው ጋር አመለጠኝ።

"አላረገዝኩም! ክርዎ ነው አባባ! ክርዎ አስጠልቶኝ ነው!"

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ በዛብህ የክብሪት ቀፎውን ገልበጥ አድርገው እንደ አዲስ ነገር አዩት።

"የልጆቼ እናትም እስክትሞት ይህንኑ እንዳለችኝ ነው" አሉ። "ማካበድ ይመስለኝ ነበር።"

ሄደው ለቡናው የተቀጣጠለው ከሰል ላይ ጣሉት። ሲቃጠል የሸተተውን ሽታ ተዉት፣ አልነግራችሁም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው "ሠርጉ እንዳለ ነው" አሉ። አባቴ መጀመሪያ ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ሳቀ። የዳንኩት ያኔ ነው።

ተጋባን። ጋሽ በዛብህ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት ጥርሳቸውን ነክተው አያውቁም።

አሁን የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የጥርስ ክር እንደ ሌላው ዕቃ ሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ሰም የተቀባ፣ ያልተቀባ፣ ሚንት የሚሸት፣ ጠፍጣፋ፣ የፈለጋችሁትን። እኔ የማስገዛው ሰም የተቀባውን ባለ ሚንቱን ነው። አይበጠስም፣ ጥጥ አይተውም፣ ድድ አይቆርጥም። ቆርጦ ተጠቅሞ መጣል ነው፤ መጣል! ይህን ለመስፍን ስንቴ ነገርኩት።

ባለፈው ሳምንት ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የክብሪት ቀፎ አገኘሁ። መስፍን ሲጋራ አያጨስም። ባለ ሚንቱ ክር ተጠምጥሞበታል። ቡናማ ሆኗል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጠንካራ ክር እኮ ነው! ገና ሲያገለግል አንድ ቀን ተጠቅሞ መጣል ግፍ ነው" አለኝ።

አሁን ጓሮ የለንም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። አፌን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ያው ሽታ፣ ያው ጅማት፣ ያው ጣት ጉሮሮዬ ላይ መጣብኝ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ አስጠላኝ። ስጨርስ መስፍን በሩን እያንኳኳ ነው፤ እየሳቀ።

"በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው?"