በምርቃት የመጣው ተከላካይ

የልዋጭ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ድምፄ አልወጣ አለኝ። ሥራውን የሚያስለምዱኝ ጋሼ ከድር ብርጭቆና ስኒ የተደረደረበትን ሳፋ ጭንቅላቴ ላይ አስቀመጡ። እሳቸው ባዶውን ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ይዘውኝ ወጡ። መንገዱን ሙሉ ‹‹ጥራ እንጂ›› ይሉኛል። አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም። አገር ቤት ሳለሁ ከወንዝ ማዶ ሰው የምጣራ ጎረምሳ፣ በሰው ደጅ አልፌ ‹‹ልዋጭ›› ማለት አሳፈረኝ።

ጋሼ ከድር ዞር ብለው አዩኝና ‹‹አፍህን ካልከፈትክ ሳፋው አይቀልልህም›› አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አንገቴ ሊገባ ደርሷል። ጮህኩ። ወዲያው አንዲት እትዬ በር ከፍተው ጠሩን። የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ለማያውቅ ልንገር። ልዋጭ ማለት አዲስ የቤት ዕቃ ተሸክሞ በየሰፈሩ እየዞሩ፣ ዕቃውን ሰጥቶ አሮጌ ልብስና ጫማ መቀበል ነው። የተቀበልነውን መርካቶ አምጥተን እናስረክባለን። እዚያ ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ይተኮሳል፣ ተመልሶ ይሸጣል። የእኛ ሥራ ግን በር ላይ ነው። በር ላይ የተሳሳተ ልዋጭ መርካቶ ገብቶ አያቃናውም።

ጋሼ ከድር መጀመሪያ ያስተማሩኝ ልብስ ገልብጦ ማየትን ነው። ኮት ከፊት ሲታይ ሁሉም ደህና ነው። ገልብጠህ ብብቱን ታያለህ፣ ከዚያ የኮሌታውን እጥፋት፣ የኪሱን አፍ፣ በመጨረሻ ስፌቱን። ስፌቱ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ይጠገናል።

ሁለተኛው ትምህርት ከበደኝ። ብዙ ልዋጮች ዕቃ ለማትረፍ ሲሉ የሴትየዋን ልብስ ፊቷ ላይ ያጣጥላሉ። ‹‹ይሄ እኮ ለመወልወያም አይሆንም›› ይሏታል። ጋሼ ከድር ይህን አጥብቀው ከለከሉኝ። ልጇ ትምህርት ቤት የሄደበትን ሹራብ ነው የምትሰጥህ፣ ብታጣጥልባት አንድ ብርጭቆ ታተርፋለህ፣ ሁለተኛ ግን በሩን አትከፍትልህም አሉኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማየት ለመድኩ። ወሬ ለሚወድ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛውን ትምህርት ግን ጋሼ ከድር አላስተማሩኝም። አብረን ነው የተማርነው።

ከራጉኤል ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ግራጫ ሱፍ አወጡልን። ጋሼ ከድር ገልብጠው ሲያዩት ዓይናቸው በራ። ገበሩ እንኳን አልተነካም። ፔርሙስ፣ ትሪና ሰሃኖች ሰጥተው፣ ሱፉን እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ። በማግስቱ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ተራችን ድረስ መጣ። ‹‹የሠርጌ ሱፍ የት ነው?›› አለ። ሱፉ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሰውዬው እርጥቡን ሱፍ አንገቱ ላይ አድርጎ ሲሄድ ተራው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ዕቃውንም መልስልን አላልነውም። በእነዚያ ባልና ሚስት መሃል መግባት ማን ይፈልጋል?

ጋሼ ከድር ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ዋሉ። ሲመሽ ‹‹በድሩ፣ ከዛሬ ወዲያ ልብሱን ከመንካትህ በፊት ባለቤቱ ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቅ›› አሉኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳልጠይቅ የወንድ ልብስ ነክቼ አላውቅም። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ልብሱን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ቤት ትመለሳለች። ኮልፌ ላይ ስሜ ጠፍቶ ‹‹ባለቤቱ ያውቃል›› የሚል ቅጽል ስም ወጣልኝ። አላፈርኩበትም፤ እንዲያውም ኮራሁበት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ልብሴን መልስ ብሎ ተራዬ ላይ አልቆመም።

ጉልበቴ ሲደክም ሳፋውን አውርጄ ተረካቢ ሆንኩ። ተረካቢ ማለት ዟሪዎቹ ያመጡትን ማዳበሪያ ፈትቶ የሚያይ፣ የሚለይ፣ ምን በምን እንደተለወጠ ሰምቶ አበጀህ ወይም ተበላህ የሚል ነው። ዟሪዎች በልውውጥ ሲጣሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። ፊት ለፊት እንዳልኩት ይቀበላሉ፣ ከኋላ ያሙኛል። የዳኛ ነገር እንዲህ ነው።

ኳሱም እኔ ጋ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መርካቶ ውስጥ በክረምት ተራ ከተራ ይጋጠማል። የእኛ ተራም ቡድን አለው። የቡድኑ መሪ ተስፋዬ ነው፣ ሳፋና ባልዲ በጅምላ የሚሸጥ፣ ቁጡ ግን ቅን ሰው። የቡድኑ ኮከብ ደግሞ ሳሙኤል ነበር። ሳሚ ከእኔ ቦታ ትንሽ ወረድ ብሎ አሮጌ ጀሪካን ያጥባል። ግብ ሲያገባ የተራው ሰው በሙሉ የራሱ ልጅ ያገባ ይመስለዋል። እኔም ጭምር።

አንድ ጠዋት ተስፋዬ ሳሚን ለሸማ ተራ ቡድን ሰጥቶ ቢኒያም የሚባለውን አቀባይ ወሰደ ተባለ። ቢኒያም ከሳሚ ጋር ስለማይመጣጠን፣ የሸማ ተራው መሪ ደሳለኝ የሚባል ተከላካይ በምርቃት ጨምሮለታል። ቅመም ሲገዛ ሻጩ ጣል እንደሚያደርጋት ጭማሪ ማለት ነው።

ተራው ተናጠ። ሥራ የሚሠራ ጠፋ። ከቴሌግራም ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ቴሌግራም ሲባል ረፋዱ ላይ ክርክሩ ተጠራቅሞ የእኔ ማዳበሪያ ፊት መጥቶ ቆመ። ከፊት የቆመው ቀበቶ ሻጩ ግርማ ነው። ግርማ የተራውን ግቦች ሁሉ በቃሉ ይዟል፤ ማን እንዳገባ፣ በየትኛው እግር፣ ዝናብ ነበር አልነበረም፣ ሁሉንም ያውቃል። ትከሻው ላይ ቀበቶዎቹ ተንጠልጥለው ‹‹ጋሽ በድሩ፣ የልውውጥ ሰው እርስዎ ነዎት፣ ዳኙን። ሳሚን የሚያህል አጥቂ በቢኒያምና በአንድ ምርቃት ይለወጣል?›› አለኝ።

ተስፋዬ እዚያው ነበርና ተከራከረ። ቢኒያም ሜዳውን በሙሉ የሚያይ ልጅ ነው፣ ሳሚ ግን ኳስ ከያዘ ለእናቱም አያቀብልም አለ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። አንዱ የሳሚ ጉልበት አርጅቷል አለ። ሌላው የቢኒያም ትንፋሽ አጭር ነው፣ ከዕረፍት በኋላ በእግሩ ነው የሚሄደው አለ። ሁለቱን እንደ ኮት ገለባበጧቸው። ስለ ሦስተኛው የተነሳው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከኋላ አንዱ ‹‹ያ ተሸካሚ? እሱማ ምን ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ ሸማ ተራዎች ቤታቸውን ነው ያጸዱብን›› አለ። ሁሉም ሳቁ።

ያኔ ነው ከባልዲዎቹ ክምር አጠገብ ፌስታል ይዞ የቆመውን ረጅም ሰው ያየሁት። ሸማ ተራ ጭነት ሲያወርድ አውቀዋለሁ። ሜዳም ላይ አውቀዋለሁ። ደሳለኝ ነው። ተስፋዬን ፈልጎ መጥቶ ሁሉንም ሰምቷል።

የሰው ሹራብ ፊቱ ላይ ማጣጣል አይገባም ብዬ ዕድሜዬን ስኖር፣ የእኔው ማዳበሪያ ፊት የሰው ልጅ ተጣጣለ።

ተስፋዬን አየሁትና የማውቀውን ጥያቄ ጠየቅኩት።

‹‹ባለቤቱ ያውቃል?››

ቅጽል ስሜን የሚያውቁ ሁሉ ሳቁ። ግርማ ‹‹ባለቤቱማ ተስፋዬ ነዋ›› አለ።

‹‹የእግሩ ባለቤት ማን ነው?›› አልኩ።

ተስፋዬ አንገቱን አከከ። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሁለቱ መሪዎች ሻይ ቤት ተገናኝተው፣ ተከራክረው፣ ጨምር ቀንስ ተባብለው፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተለያይተዋል። ሁለቱም ነጋዴ ናቸው፣ የተስማሙበትን ዕቃ ጠይቀው አያውቁም። ለሳሚ የነገረው የለም። ለቢኒያም የነገረው የለም። ለደሳለኝ የተነገረው የእኛ ማልያ በሰው እጅ ሲላክለት ነው።

ደሳለኝን በስሙ ጠራሁትና ና ተቀመጥ አልኩት። ሰው ሁሉ ዞረ። ግርማ ቀበቶዎቹን ማስተካከል ጀመረ። ያ ከኋላ የተናገረው ሰውዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደሳለኝ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፌስታሉን ከፍቶ ማልያውን አወጣ፣ በደንብ ታጥፏል። ተስፋዬ ፊት አስቀመጠው።

‹‹ልመልስ ነው የመጣሁት። ኳስ ትቻለሁ። በምርቃት የመጣ ሰው ሜዳ ላይ ማን ኳስ ያቀብለዋል?››

ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የክር እስር ተሸክሞ ሲውል፣ ማታ ማታ ሜዳ ሲወርድ ነው ስሙ የሚጠራው። ቀን ‹‹አንተ ተሸካሚ›› ነው። ማልያውን ሲያስቀምጥ ምን እንዳስቀመጠ ገባኝ፣ አዘንኩ። ማዘኔን ግን ዋጥ አደረግኩት፣ ከንፈር መምጠጥም ከማጣጣል አይሻልም። ሳሚን ጥሩልኝ ብቻ አልኩ።

ጠዋቱን ሙሉ ጀሪካን ሲገዛ የቆየውና ማጠብ ገና የጀመረው ሳሚ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ውሃው ከክንዱ እየተንጠባጠበ መጣ። ተስፋዬ ራሱ እንዲነግረው አደረግኩ። ሳሚ ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። ‹‹እኔ ሳልሰማ?›› አለ። ከዚያ ሳሚ በማን ነው የተለወጥኩት ብሎ ጠየቀ። ግርማ ቀስ ብሎ በቢኒያምና፣ አለና፣ ዓይኑን ወደ ደሳለኝ አደረገ።

ሳሚ ደሳለኝን አየው። ማልያውንም አየው።

‹‹ቢኒን እዚያው ይተዉት። በደሳለኝ ብቻ ከሆነ እሄዳለሁ።››

ግርማ ‹‹አንድ ለአንድ?›› አለ፣ የቀለደ መስሎት።

‹‹እናንተ ከዳር ሆናችሁ ነው የምታዩት›› አለ ሳሚ። ‹‹ፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ። እሱ ባለበት ግብ አግብቼ አላውቅም።››

ሁሉም ወደ ግርማ ዞረ። ግርማ ዓይኑን ጨፍኖ ከሸማ ተራ ጋር ያደረግነውን ጨዋታ ሁሉ አንድ በአንድ ከትዝታው ማውጣት ጀመረ። አንዱን ዝናብ አበላሽቶብን ነበር። አንዱን ዳኛው። አንዱን ሳሚ ቀኑ አልነበረም። እየቆየ ድምፁ ወረደ። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ የሳሚን ግብ ፈልጎ አጣ። ዝናቡ፣ ዳኛውና መጥፎው ቀን ሁሉ ይህ ረጅም ሰውዬ ኖሯል።

ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ‹‹አንተስ?›› አልኩት፣ እሱም ባለቤት ነውና።

‹‹በሳሚ ከሆነ፣ እለወጣለሁ›› አለ። ማልያውን አንስቶ ወደ ፌስታሉ መለሰው።

ተስፋዬ በዚያው ወደ ሸማ ተራ ሄዶ አዲስ ውል ተነጋገረ። ቢኒያምም ተጠይቆ፣ እኔ ከተራዬ የትም አልሄድም ብሎ ነበርና ነገሩ ቀለለ። የሸማ ተራው መሪ ቢኒያምን ሳይሰጥ ሳሚን በማግኘቱ ሳቁን መደበቅ አቃተው አሉ። ተስፋዬም እየሳቀ ነው የተመለሰው። ሁለቱም ወገን አተረፍኩ ብሎ የሄደበት ልውውጥ በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም።

የዚያ ክረምት ዋንጫ የሌላ ተራ ሆነ። ከሸማ ተራ ጋር ስንጋጠም ባዶ ለባዶ ወጣን። ሳሚ በአዲሱ ማልያው የቻለውን ሁሉ ሞከረ፣ ደሳለኝ አላሳለፈውም። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ተቃቅፈው ከሜዳ ወጡ። የእኛ ደጋፊ ‹‹ደሳለኝ›› እያለ ሲጮህ እኔም አብሬ ጮህኩ። መጀመሪያ ቀን ኮልፌ ላይ አልወጣ ያለኝ ድምፅ ዛሬ ማንም አይችለውም።

ክርክሩ አልቆመም። ሳሚን መስጠት አልነበረብንም የሚሉ ዛሬም አሉ፣ ይበሉ። ግርማ ደግሞ የደሳለኝን ነገር ከመጀመሪያው ያወቀው እሱ እንደሆነ ለሰው ሲያወራ ሰምቼ ዝም ብዬዋለሁ። ምርቃት የሚለውን ቃል ግን ለደሳለኝ የሚጠቀም በተራችን የለም። ቀን ጭነት ይዞ ሲያልፍም ሻጮቹ በስሙ ነው የሚጠሩት።

ጋሼ ከድር ዛሬ በሕይወት የሉም። ያንን እርጥብ ሱፍ ያስመለሰ ሰውዬ ይህን ሁሉ እንዳስተማረን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ሳፋ ለምትሸከሙ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። ልብሱን ገልብጣችሁ እዩ። ከዚያ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ።