ከሚዛን በፊት ሦስት ጉርሻ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ ዓመት አራት ዓይነት ስፖርት ያሠለጠነ ሐበሻ ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ባድሜንተን፣ ነፃ ትግል። የሚጠራጠር ካለ ጃኬቴን ይይ፤ ጀርባው ላይ «ኮች» ተብሎ ተጽፏል።

እርግጥ ጃኬቱ የሌላ ሰው ነበር። እኔ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የአራቱም ቡድን ማሊያ አጣቢ ነበርኩ። እውነተኛው ኮች አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አይተው አሮጌ ጃኬታቸውን ሰጡኝና ለብሼው ቀረሁ። ለተማሪዎቹ «ምክትል አሠልጣኝ ነኝ» ብሎ ያወራው ግን ጃኬቱ ሳይሆን ምላሴ ነው።

ሰውዬው ሥራዬን እስክረሳ ያስገርሙኝ ነበር። አንድ ራስ እንዴት አራት ስፖርት ይይዛል? እከታተላቸው ጀመር። የአንዱ ስፖርት ወቅት አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይመጣሉ፤ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ይቀመጡና ማሽኑ እየተሽከረከረ የሕግ መጽሐፉን እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ለየስፖርቱ የየራሱ ፊሽካ አላቸው። የመረብ ኳሱን ፊሽካ ለትግል ቢነፉ ሰማይ የሚደፋ ይመስላቸዋል።

«እርስዎ ግን የትኛውን ተጫውተው ያውቃሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ትግል ብቻ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሱ። «ሌላውን የያዝኩት ሰው ጠፍቶ ነው።»

በዚያው ዓመት ትግሉን ሊዘጉባቸው ሆነ። የኮሌጁ ኃላፊ በዓመቱ ውድድር አንድ ሜዳልያ ካልመጣ የትግሉ ክፍል የታይፕ መማሪያ ይሆናል ብሎ ቆርጧል። ኮቹ ተስፋቸውን የጣሉት በአንድ ቀጭን ፖርቱጋላዊ ተማሪ ላይ ነበር። ልጁ የሚታገለው በስልሳ ሁለት ኪሎ ምድብ ነው።

ውድድሩ ኢቶቢኮ ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት። ኮቹ ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ «ልጁን አደራ» አሉኝ። አየሁት፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ትግል ሲባል የከበደ የሚያሸንፍ ነው የሚመስለኝ። ማሊያ እንጂ ሕግ አጥቤ አላውቅም። ምሳዬን ደግሞ ይዣለሁ፤ በማርጋሪን ዕቃ ጢም ያለ የሥጋ ፍርፍር። የተራበ ሰው ፊት ብቻዬን ልብላ?

«ብላ» አልኩት።

«አልችልም።»

ጨዋ ነው አልኩ በልቤ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢታ መግደርደር ነው።

«ብላ እንጂ!»

«አልችልም፣ ኮች።»

ሁለተኛውም ያው መግደርደር ነው። ጠቅልዬ አፉ ላይ አስጠጋሁለት። «በሞቴ!» ይህቺን በአማርኛ አልኳት፤ በእንግሊዝኛ ብትባል አምቡላንስ ታስጠራለች።

ልጁ ጉርሻውን አየ፣ ጃኬቴን አየ። «እርግጠኛ ነህ ኮች? ችግር የለውም?»

«ምን ችግር አለው!»

ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ደገምኩት። ሦስተኛውን ራሱ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። በርበሬው ሲያነደው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ግጥም አደረገ። እውነት እላችኋለሁ፣ ዓይኔ እያየ ልጁ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ሚዛን ላይ ሲወጣ ስልሳ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም።

ኮቹ አመድ መሰሉ። ትርፉን እንዲያራግፍ ሃያ ደቂቃ ተሰጣቸው። በልጁ ላይ ያገኙትን ካፖርት ሁሉ ደራርበውበት ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ያሯሩጡት ጀመር። የስልሳ ዓመት ሰው አብረውት ይሮጣሉ፣ «በል! በል!» እያሉ። እኔ ባዶውን የማርጋሪን ዕቃ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጬ ቆሜያለሁ። ድጋሚ ተመዘነ፤ አሁንም አራት መቶ ግራም ትርፍ አለው። ከውድድሩ ተሰረዘ።

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ኮቹ እያለከለኩ። «ጠዋት እኛ ሚዛን ላይ ልክ ነበር!»

ልጁ አየኝ። ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት፦ «ሚዛናቸው ሳይበላሽ አይቀርም።»

አመኑኝ። ሄደው ከዳኞቹ ጋር ተናነቁ፤ ሌላ ሚዛን ካልመጣ ብለው ጠረጴዛ ደበደቡ። ሌላ ሚዛን መጣ፤ እሱም ያንኑ አለ።

በሁለተኛው ወር የትግሉ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወጣ፣ የታይፕ መኪናዎቹ ገቡ። ኮቹ የሴቶች ሶፍትቦል ተሰጣቸው፤ አዲስ የሕግ መጽሐፍ ይዘው ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጡ። ማሽኑ ሲሽከረከር ቀና ይሉና «ያ ሚዛን ግን...» ይላሉ። እኔም ማሊያ እያጠፍኩ «አይ፣ የሱ ነገር!» እላለሁ። ጡረታ እስኪወጡ አራት ዓመት እንዲህ ተባባልን። ልጁ አላጋለጠኝም። እኔም ያበላሁት እኔ ነኝ አላልኳቸውም።