የማይክሮስኮፑ ብርሃንና የሰውአገኝ ሆድ

የትነበርሽ ከኮሶዬ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ስትሠራ ብዙ ዘመን ሆኗታል። ብርሃን ትቆጥባለች ይሏታል። ቀለም ያልነካው ነገር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ውሃ ነው፤ ብርሃን ከበዛበት ከነጭራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን የብርሃን በር ታጠባታለች። ያን ጊዜ የነገሩ ጠርዝ ጥላ አውጥቶ ቁልጭ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ የደበዘዘ ገደል ማለዳ ሲያዩት እርከኑ እንደሚቆጠር ሁሉ።

ዘንድሮ ፊልጶስ የሚባል ባለሙያ ከጎንደር ታብሌት ይዞላት መጣ። በውስጡ ያለው ፕሮግራም እልፍ ምስል እያየ የተማረ ነው፤ የደበዘዘውን ያጠራል፣ የጥገኛውን ተሕዋስ ስም ይናገራል።

«እትዬ የትነበርሽ፣ ከእንግዲህ ዓይንሽን አሳርፊው» አላት።

«ዓይኔ ካረፈማ እንጀራዬም ማረፉ ነው!»

ይህን ትበል እንጂ ታብሌቱን ወደደችው። እሷ ጥላ ታወጣለች፣ እሱ ያንኑ ያደምቃል።

በዚህ መካከል ወለላ የምትባል የገበሬ ሚስት ጡት ያልጣለ ልጇን ሰውአገኝን አዝላ መጣች፤ ተቅማጥ ይዞታል። የትነበርሽ ዓይነ ምድሩን ብታይ ጠርዛቸው የሚያበራ ክብ ክብ ነገሮች ሞልተውታል። ታብሌቱም «ጃርዲያ» አለ፤ ተቅማጥ የሚያመጣ የአንጀት ጥገኛ ነው። ሐኪሙ መራራውን የጃርዲያ መድኃኒት አዘዘ። ልጁ አልተሻለውም። እንደገና መጣች፤ ውጤቱም ያው፣ መድኃኒቱም ያው። በሦስተኛው ሰውአገኝ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ማልቀስ እንኳ ደክሞት ነበር።

«ምነው እቱ፣ ልጄን ልታድኑት ነው ወይስ ልትጨርሱት?» አለች ወለላ።

የትነበርሽ ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች። ናሙናው ላይ አዮዲን ጠብ አደረገችና ከልማዷ ውጭ የብርሃኗን በር ሰፋ አደረገቻት። ጃርዲያ ቢሆን ቀለሙን ጠጥቶ ይጠቁር ነበር። ክቦቹ ግን ቀለም አልነካቸውም፤ ውስጣቸውም ባዶ ነው። የስብ ጠብታ ናቸው።

«ወለላ፣ ልጁን ቅቤ ታስልሱታላችሁ?»

«ታዲያስ! አማቴ ጠዋት ጠዋት በጣቷ ታስልሰዋለች። ተቅማጡ ከያዘው ወዲህማ አንጀቱ ይለስልስ ብላ አብዝታለታለች። ሸጋ ለጋ ቅቤ ነው፤ ምን ነውር አለበት?»

«እኔም በቅቤ ነው ያደግሁት። ለእሱ ግን ይቅርበት። ለሐኪሙም ነግሬ መድኃኒቱን አስቆምልሻለሁ፤ የሰጠሁሽ ውጤት ስሕተት ነበር።»

«ያ መሣሪያ ነው የተሳሳተው?»

«መጀመሪያ እኔ። እሱ እኔ ያወጣሁለትን ጥላ ተከትሎ ነው።»

ፊልጶስ ይህን ሲሰማ ፕሮግራሙን የሚያስተምርበት የቅቤ ምስል ለመናት፤ እሷም ሰጠችው። ሰውአገኝ ቅቤውም መድኃኒቱም ቀርቶለት፣ በጥብጠው የሚያጠጡትን ጨውና ስኳር እየጠጣ ሰነበተና ዳነ።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት በላቦራቶሪው መስኮት ብቅ አሉ።

«ቅቤዬን በሽታ ነው ያለችው የትኛዋ ናት?»

የትነበርሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለቻቸው።