አንድ ሽክና ለሁለት አፍ

በኛ መንደር በኦቾሎ መስቀል ሲቃረብ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ በሬው አይደለም። «ፓርሶው እንዴት ነው?» ነው የሚለው። ፓርሶ የገብስ ጠላችን ነው። በሌላ ጊዜም ይጠመቃል፤ የመስቀሉ ግን ክብሩ ለብቻው ነው። ጋኑ ከመከፈቱ በፊት የቤቱ ሽማግሌ ቆሞ የጠላውን ታሪክ ይናገራል፤ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ሙያው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሽክና ሁለት ወንድማማቾች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው አብረው ይጠጡታል። በቤቱ የተኳረፈ ካለ ጋኑ እንደተከደነ ይቀራል።

ዘንድሮ የተኳረፉት የኔው ሁለት ልጆች ነበሩ።

ትልቁ አርባ ምንጭ ይኖራል፤ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ በፒካፕ እያመጣ ይሸጣል። ታናሹ እዚሁ ከኛ ጋር ያርሳል። ከፋሲካ በኋላ ትልቁ መጥቶ «ድርሻዬ ይለይልኝ፣ ላጥረው ነው» አለ። ታናሹም «ሐይቅህን እጠር! መሬቱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለው። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። እኔ መሬቱን ማካፈል አልጠላሁም። እንዲህ እንደተኳረፉ ባካፍላቸው ግን ሁለተኛ አንድ ቤት እንደማይገቡ ታወቀኝ።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ባለቤቴ «ስማ፣ እኔ የድርሻዬን ጠምቄአለሁ። ዛሬ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል። የልጆቹን ነገር አንተ እወቅበት» አለችኝ።

ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ተቀመጠ። ታናሹ ከጋኑ አጠገብ አቀርቅሯል። የትልቁ መኪና መጥታ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ እሱ ግን አልወረደም። በአጥሩ ክፍተት ኮፍያው ይታየኛል። ጠላው ይፈላል፤ የተከደነበት የእንሰት ቅጠል ከፍ ዝቅ ይላል።

ተነሥቼ ታሪኩን ጀመርኩ። ገብሱን አያቴ ስትዳር ከገረሴ በኩል ይዛ እንደመጣች ተናገርኩ። ወትሮ እዚያ ላይ ወደ እናቴ አልፍ ነበር። ዘንድሮ አያቴ የመጣችበትን መንገድ፣ የተሻገረችውን ወንዝ፣ የዘነበባትን ዝናብ ሳይቀር አወራሁ። ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

«ወንድሜ!» አለ አንዱ ሽማግሌ ጎረቤቴ፣ «አያትህ ዘንድሮ ምነው እግሯ ከበደ? እኛ እኮ ጠማን!»

ቤቱ ሳቀ። ታናሹ ብቻ አልሳቀም። ባለቤቴ ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች። ከውጭ ድምፅዋ ተሰማን።

«ና ውረድ! ለዓሣ ሻጭ የመኪና በር የምከፍት ሎሌ አይደለሁም!»

የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ትልቁ ገባ፣ ጉልበቴን ስሞ ከታናሹ ጎን ተንበረከከ። አልተያዩም። ቅጠሉን በአንድ በኩል ብቻ ገለጥ አድርጌ ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ ጉንጫቸውን ገጠሙ።

ጉሮሯቸውን ነበር የማየው። የትልቁ ይወርዳል፣ ይወጣል። የታናሹ አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ ሽክናው ላይ ነው፤ ጥርሱን ግን ገጥሟል።

ሽክናው ባዶ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሰው ሁሉ ዋንጫውን ዘረጋ። ዝም ብል ጋኑ ይከፈታል፣ በዓሉም ያልፋል። ኩርፊያው ግን እዚያው ይቀራል። ሽክናውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«ቆዩ» አልኩ። «አጉድዬ ነው የቀዳሁት።»

እልልታው ቆመ። ታናሹ ቀና ብሎ አየኝ። ማየቴን ዐወቀ።

«አባ፣ ሞልቶ ነበር» አለኝ በለሆሳስ።

«ለሁለት ሰው አልሞላም።»

አሁን እስከ አፉ ሞላሁት። እንደገና ጉንጫቸውን ገጠሙ። የታናሹ ጉሮሮ እንደቆመ ነው። በዚህ መሀል ትልቁም መዋጥ አቆመ፤ ጉንጩን ግን አላነሣም። ጠላው በአገጩ ወርዶ የበዓል ሸሚዙን ያርሰዋል፣ እሱ ይጠብቃል። ባለቤቴ በሩ ላይ እንደቆመች አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

የታናሹ ጉሮሮ ወረደ። ደግሞ ወረደ። ከዚያ ሁለቱም ሽክናው እስኪያልቅ ጠጡ።

መጀመሪያ የተናገረው ትልቁ ነው። ጉንጩን እያሻሸ «ጢምህ ይዋጋል» አለ።

«አንተስ ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ። ድመቱ ሁሉ ተከትሎህ እንዳይመጣ!»

«በሉ ክፈቱት!» አለ ያ ጎረቤቴ። «እናንተ ለተጣላችሁት እኛ ምን አጠፋን?» ባለቤቴ እየሳቀች፣ ዓይኗንም እየጠረገች፣ ቅጠሉን አነሣች።

በጫጫታው መሀል ታናሹ ወደ ወንድሙ ጠጋ ብሎ «ነገ ከአባ ጋር ወርደን ድንበሩን እናያለን። አጥር ግን አይኖርም» ሲለው ሰማሁት።

ትልቁ የረጠበ ሸሚዙን ከደረቱ አላቀቀ። «እናያለን» አለ።

እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። እኔም ዋንጫዬን ዘረጋሁ፤ የቀዳልኝ ታናሹ ነው፣ ጋኑን ያዘነበለለት ትልቁ።