ደረቁ ፎጣ

በጋውን ሐይቅ ዳር ሊያሳልፉ ከመጡት እንግዶች ሁሉ የድንኳኖቹ ዘበኛ ዓይን የሚያርፈው አንዲት የልጆች እናት ላይ ነው። ባሏ ጠዋት ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "ልዋኝ" ብሎ ይወጣል፤ እግሩ ግን የሚያመራው ብቻዋን ወደመጣች ሴት ድንኳን ነው።

ዛሬ ሚስትየው ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ ከልጆቿ እርጥብ ልብስ ጎን ያንኑ ፎጣ ልትሰቅል ስትል ዘበኛው አላስችል አለው።

"እትዬ፣ ደረቅ ፎጣ ያሰጣሉ እንዴ?"

"ተወኝ ወንድሜ፤ አንተም አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ። ልጆቹ ግን አላዩም" አለችና ፎጣውን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ እንደ ዶሮ አንገት ጠምዝዛ ጨምቃ አሰጣችው።

ትንሿ ልጇ እየሮጠች መጥታ ፎጣውን ዳበስ አደረገችና ዘበኛውን ቀና ብላ አየችው።

"አባዬ ዛሬም ዋኝቷል!"